ራስ ምታትና ክሳት አብረው ሲመጡ

ክቡራንና ክቡራት፣ በሕክምናው ሥራ ላይ ያላችሁ ባልደረቦቼ፣ በየቤታችሁ ሕመምተኛ የምታስታምሙ ወገኖቼ ሁሉ፣ እንደምን ዋላችሁ! ጊዜያችሁን ሰጥታችሁ እዚህ ስለተገኛችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የዛሬው ንግግሬ ስለ ሁለት ምልክቶች ነው፤ ስለ ራስ ምታትና ስለ ክሳት። ለየብቻቸው ሁላችንም እናውቃቸዋለን። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ራሱን አሞት የማያውቅ ሰው አለ? አይመስለኝም። አብዛኛው ራስ ምታት ማይግሬን ነው፣ የጡንቻ መወጠር ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው፤ ያሠቃያል፣ ግን ያልፋል። ክሳትም ቢሆን ምክንያቱ ብዙ ነው። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ፣ በአንድ ወቅት ሲገናኙ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ማይግሬን ሰውን ያስተኛል እንጂ አያመነምንም። የሥራ ጭንቀት ያመጣው ራስ ምታት በሦስት ወር ውስጥ 6 ኪሎ አይወስድም።

የሚሆነው ግን ምንድን ነው? ሕመምተኛው ይመጣል፤ ለራሱ ማስታገሻ፣ ለክሳቱ ቫይታሚን ይሰጠዋል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሶ ይመጣል፤ ለራሱ ጠንከር ያለ ማስታገሻ፣ ለክሳቱ ሌላ ቫይታሚን። በሦስተኛው የሚመጣው በሰው ትከሻ ተደግፎ ነው። ስለዚህ ልመናዬ ይህ ነው፦ ራሱን የሚያመውንና የሚከሳውን ሰው ሁለት በሽታ እንዳለበት አድርጋችሁ አትዩት። ሌላ ነገር እስኪረጋገጥ ድረስ ያለበት አንድ በሽታ ነው፤ ያ በሽታ ስም አለው፤ ስሙ ይፈለግ።

በመጀመሪያ ክሳት ስንል ምን ማለታችን ነው? «ልብሴ ሰፋኝ» ማለት ጥሩ ምልክት ነው፤ ቀበቶ ላይ አዲስ ቀዳዳ መብሳትም እንዲሁ። ውሳኔ የሚሰጠው ግን ሚዛን ነው። ሰው ሳያስበው፣ አመጋገቡን ሳይለውጥ፣ ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሰ ምክንያቱ ሊመረመር ይገባል። 60 ኪሎ ለነበረ ሰው ይህ 3 ኪሎ ብቻ ነው። 3 ኪሎ ሲቀንስ ከጎረቤት ማን ያስተውላል? ማንም አያስተውልም። ለዚህ ነው በየጉብኝቱ በዚያው ሚዛን፣ ጫማ አውልቆ መመዘንና ቁጥሩን መጻፍ የሚያስፈልገው። በሕፃናት ላይ ደግሞ መቀነስን አንጠብቅም። ልጅ ማደግ አለበት፤ ክብደቱ ለሁለት ወር ባለበት ከቆመ እንደከሳ ነው የሚቆጠረው።

ሰውነት የሚመነምነውም ምግብ ስለቀረበት ብቻ አይደለም። ሥር የሰደደ ኢንፌክሽን፣ ካንሰር ወይም የደም ሥር ብግነት ሲኖር የመከላከያ ሕዋሳት ሳይቶካይን የሚባሉ መልእክተኛ ንጥረ ነገሮችን ይለቃሉ። እነዚህ የምግብ ፍላጎትን ይዘጋሉ፤ ጡንቻን ያፈርሳሉ፤ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ያመጣሉ። በዚህ የተነሳ ሰው እየበላም ሊከሳ ይችላል፤ ጡንቻው ከጭንና ከትከሻ ላይ ያልቃል። ያው በሽታ የአንጎልን ሽፋን፣ የአንጎልን የደም ሥር ወይም የራስ ቅልን ውስጣዊ ግፊት ሲነካ ራስ ምታቱ ይመጣል። ምንጩ አንድ ነው፤ የሚታየው በሁለት ቦታ ነው።

አሁን ወደ በሽታዎቹ ልግባ። ሁሉንም በእኩል አልዘረዝርም። ቀን የማይሰጡትን አስቀድሜ፣ ሌሎቹን በኋላ እነካካለሁ።

ከሁሉም በፊት የቲቢ ማጅራት ገትር። ማጅራት ገትር ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በአንድ ቀን ውስጥ በኃይለኛ ትኩሳት ሰውን የሚጥለውን ነው። የቲቢው እንደዚያ አይደለም። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው። ለሁለት፣ ለሦስት ሳምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቀላል ትኩሳት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ክሳት፣ ድብታ፣ በየቀኑ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ይታያል። ከዚያ ትውከት ይጨመራል። አንገት መገተሩ በመጀመሪያው ሳምንት ላይኖር ይችላል፤ «አንገቱ አልደረቀም፤ ስለዚህ ማጅራት ገትር አይደለም» የሚለው ድምዳሜ ስንቱን ሰው አስቀጥፎናል! አንድ ዓይን ወደ ውጭ አልዞር ሲልና ሰውየው አንዱን ነገር ሁለት አድርጎ ሲያይ ከአንጎል ሥር የሚወጣ ነርቭ ተነክቷል ማለት ነው። ጠባይ መለወጥ፣ ግራ መጋባት፣ የአንድ ጎን መድከም ሲመጣ በሽታው ሩቅ ሄዷል።

«ደረት ራጁ ንጹሕ ነው፤ ሳልም የለውም» ይባላል። የቲቢ ማጅራት ገትር ያለበት ሰው ደረቱ ፍጹም ንጹሕ ሊሆን ይችላል። መልሱ ያለው ከጀርባ በሚወሰደው ፈሳሽ ውስጥ ነው። በዚያ ፈሳሽ ውስጥ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይበዛሉ፤ ፕሮቲን ይጨምራል፤ ስኳሩ ከደም ስኳር ግማሽ በታች ይወርዳል። ባልደረቦቼ፣ እዚህ ላይ አንድ ትንሽ ነገር ልንገራችሁ፦ ፈሳሹን ስትወስዱ በዚያው ሰዓት የደም ስኳርም ለኩ። ካልለካችሁ የፈሳሹ ስኳር ከምን አንጻር እንደወረደ ማወቅ አትችሉም። የምትልኩት መጠንም ይለያል። ባክቴሪያው በፈሳሹ ውስጥ በጣም ጥቂት ስለሆነ 1 ወይም 2 ሚሊ ሊትር ልኮ «አልተገኘም» ማለት ትርጉም የለውም፤ ለአዋቂ ቢያንስ 6 ሚሊ ሊትር ለቲቢ ምርመራ ብቻ ይላክ። እንደዚያም ሆኖ የቲቢን ዘረመል የሚፈልገው የጂን ኤክስፐርት ምርመራ ውጤት «የለም» ቢል በሽታውን አያስወግድም። ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ ሕክምናው በዚያው ቀን ይጀመራል። የተለመደው ሕክምና ለ2 ወር አራት መድኃኒት፣ ማለትም ሪፋምፒሲን፣ አይሶናያዚድ፣ ፓይራዚናማይድና ኢታምቡቶል፣ ከዚያ ለ10 ወር ያህል ሪፋምፒሲንና አይሶናያዚድ ነው። ከሳንባ ቲቢ 6 ወር ጋር አታምታቱት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እብጠትና ብግነት የሚቀንሰው ዴክሳሜታዞን አብሮ ይሰጣል፤ ኤች.አይ.ቪ. በሌለባቸው ሰዎች ላይ ሞትን እንደሚቀንስ ታይቷል።

አሁን ከመስመሬ ትንሽ ልውጣ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚሞተው በበሽታው ሳይሆን በዚህ ፍርሃት ነው። «ከጀርባ ውሃ ከተወሰደ ሰው ሽባ ይሆናል» ይባላል። ቤተሰብ ፊርማ ይከለክላል። እስቲ ነገሩን በቅርብ እንየው። ህብለ ሰረሰር በአዋቂ ሰው የሚያበቃው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አከርካሪ አካባቢ ነው። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች፣ በሦስተኛውና በአራተኛው ወይም በአራተኛውና በአምስተኛው የወገብ አከርካሪ መካከል ነው። እዚያ ያለው ፈሳሽና በፈሳሹ ውስጥ የሚዋልሉ የነርቭ ክሮች እንጂ ህብለ ሰረሰር አይደለም። ሐኪሙ የሁለቱን የዳሌ አጥንቶች ጫፍ በእጁ ዳስሶ፣ የሚያገናኛቸውን መስመር ተከትሎ ቦታውን ያገኛል። ሕመምተኛው በጎኑ ተኝቶ ጉልበቱን ወደ ሆዱ፣ አገጩን ወደ ደረቱ ያጥፋል፤ እንዲህ ሲሆን በአከርካሪዎቹ መካከል ያለው ክፍተት ይሰፋል።

ሰውነት ያለው የዚህ ፈሳሽ ጠቅላላ መጠን 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ በቀን የሚያመነጨው ግን 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። 10 ሚሊ ሊትር ብንወስድ በግማሽ ሰዓት ገደማ ይተካል። የሚያልቅ ነገር አይደለም! ከዚህ ሂደት በኋላ የሚመጣ ራስ ምታት አለ፤ ሲነሱ የሚብስ፣ ሲተኙ የሚቀል ነው። ቀጭንና ጫፉ የማይቆርጥ መርፌ ከተጠቀምን ይቀንሳል፤ ቢመጣም አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሳምንት ውስጥ ይለቃል። እውነተኛው አደጋ ያለው አንጎል ውስጥ ትልቅ ዕጢ ወይም መግል ኖሮ ሳይታወቅ ፈሳሽ ሲወሰድ ነው። ስለዚህ የሰውነት አንድ ጎን ከደከመ፣ ንቃተ ኅሊና ከቀነሰ፣ የሚጥል ሕመም አዲስ ከመጣ ወይም የዓይን ነርቭ ካበጠ አስቀድሞ ሲቲ ስካን ይታያል። ሕክምናው ግን ሲቲ ስካን ተብሎ አይዘገይም።

ወደ መስመሬ ልመለስ። ሁለተኛው ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ የሚያመጣው ማጅራት ገትር ነው። ይህ በብዛት የሚይዘው ኤች.አይ.ቪ. ኖሮባቸው ሲዲ4 የሚባሉት የመከላከያ ሕዋሳት ቁጥራቸው ከ100 በታች የወረደ ሰዎችን ነው። ራስ ምታቱ ለሳምንታት ይቆያል፤ ትኩሳቱ ቀላል ነው፤ አንገት ብዙ ጊዜ አይገተርም፤ ሰውነት ግን ያልቃል። ሰውየው ኤች.አይ.ቪ. እንዳለበት ላያውቅ ይችላል። እናም እላለሁ፣ ደግሜም እላለሁ፦ ራሱን ለሳምንታት ያመመውና የከሳ ሰው ሁሉ የኤች.አይ.ቪ. ምርመራ ይደረግለት። ሁሉም! ሽማግሌውም፣ ባለትዳሯም፣ «እኔን አይመለከተኝም» የሚለውም።

የፈንገሱ ምርመራ እጅግ ቀላል ነው። ክሪፕቶኮከስ አንቲጂን የሚባለው የወረቀት ምርመራ በደም ጠብታ ወይም በጀርባ ፈሳሽ በ10 ደቂቃ ገደማ መልስ ይሰጣል። ከባዱ ነገር ግፊቱ ነው። ፈንገሱ ፈሳሹ የሚወጣበትን መንገድ ይደፍናል፤ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት ይጠራቀማል፤ ማየትና መስማት ይጠፋል፤ ሰውየውን የሚገድለውም አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው። ስለዚህ መርፌው በገባ ጊዜ ግፊቱ በመለኪያ ቱቦ ይለካ። ከ25 ሴንቲ ሜትር ውኃ በላይ ከሆነ ከ20 በታች እስኪወርድ ወይም በግማሽ እስኪቀንስ ፈሳሽ ይወሰዳል፤ እስከ 20 እና 30 ሚሊ ሊትር ድረስ። ሕመምተኛው በዚያው አልጋ ላይ «ራሴ ቀለለኝ» ሲል ትሰማላችሁ። ግፊቱ ከተመለሰ በማግስቱ ይደገማል፤ ካስፈለገ በየቀኑ። ማስታገሻ ክኒን ይህን ሥራ አይሠራም።

መድኃኒቱን በሚመለከት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው መመሪያ ሕክምናውን አቅልሎታል፦ ሊፖሶማል አምፎቴሪሲን ቢ በኪሎ 10 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከፍሉሲቶሲንና ከፍሉኮናዞል ጋር ለ14 ቀን። ከዚያ ፍሉኮናዞሉ ለወራት ይቀጥላል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒት ላልጀመረ ሰው በዚያው ቀን አይጀመርም፤ የፈንገሱ ሕክምና ከተጀመረ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል። የተነቃቃው የመከላከያ ኃይል አንጎል ውስጥ ያለውን ፈንገስ በድንገት ሲያጠቃ እብጠቱ ሰውየውን ሊገድለው ስለሚችል ነው። ዴክሳሜታዞንም እዚህ አይሰጥም፤ በቲቢው የሚጠቅመው ያው መድኃኒት በዚህኛው ላይ ጉዳት እንደሚያደርስ በጥናት ተረጋግጧል። አያችሁ፣ ስሙን ማወቅ ለምን እንደሚያስፈልግ?

ሦስተኛው ኢንፌክሽን አይደለም፤ የደም ሥር ብግነት ነው። ጃያንት ሴል አርተራይቲስ ይባላል። ዕድሜው ከ50 በታች የሆነ ሰው ላይ ፈጽሞ አይጠበቅም ማለት ይቻላል፤ የሚበዛውም ከ70 በላይ ነው፤ ሴቶች ላይ ይበልጣል። አንዲት አረጋዊት እናት አስቡ። «ድሮ ራሴን አያመኝም ነበር፤ ዘንድሮ በግንባሬ ጎን ይወጋኛል» ይላሉ። ፀጉራቸውን ሲያበጥሩ ቆዳቸውን ያማቸዋል፤ ትራሱም ያማቸዋል። ከስተዋል። ጠዋት ትከሻቸውና ዳሌያቸው ደርቆ ይነሳሉ። ልጆቻቸው «እርጅና ነው» ይላሉ። አሁን ግን አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው፦ «እማማ፣ ሲያኝኩ መንጋጋዎ ይደክማል?» «አዎ፣ ትንሽ አኝኬ አርፋለሁ፤ ከዚያ እቀጥላለሁ» ካሉ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። ይህ የጥርስ ሕመም አይደለም። ለማኘኪያው ጡንቻ ደም የሚያደርሰው ሥር ጠቧል ማለት ነው። ለዓይን ነርቭ ደም የሚያደርሱት ሥሮችም በዚያው በሽታ መንገድ ላይ ናቸው። ለደቂቃዎች አንድ ዓይን ላይ ጨለማ ወርዶ ከተነሳ የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ነው። አንዱ ዓይን ከጠፋ አይመለስም፤ ሕክምና ካልተጀመረ ሁለተኛው በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ሊከተል ይችላል።

የደም ምርመራው በየትኛውም ቤተ ሙከራ የሚሠራ ነው፦ ብግነት መኖሩን የሚያሳየው ኢ.ኤስ.አር. ብዙውን ጊዜ ከ50 በላይ ይወጣል፤ ሌላው የብግነት መለኪያ ሲ.አር.ፒ.ም ይጨምራል፤ ደም የሚያረጋው ፕሌትሌት ሊበዛ ይችላል። ማረጋገጫው በግንባር ጎን ካለው የደም ሥር ቁራጭ መውሰድ ነው፤ ብግነቱ ቦታ እየዘለለ ስለሚይዝ ቁራጩ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ይሁን። ሕክምናው ግን ቁራጩን አይጠብቅም! ብግነትን የሚያጠፋው ፕሬድኒሶሎን በቀን ከ40 እስከ 60 ሚሊ ግራም በጥርጣሬ ብቻ፣ በዚያው ሰዓት ይጀመራል፤ ማየት ከተነካ በደም ሥር የሚሰጥ ሜቲልፕሬድኒሶሎን ይቀድማል። መድኃኒቱ በተጀመረ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ የተወሰደ ቁራጭ አሁንም በሽታውን ያሳያል። ራስ ምታቱ በሁለት፣ በሦስት ቀን ውስጥ ይለቃል፤ ካልለቀቀ ምርመራችንን እንጠራጠር። መድኃኒቱ በዝግታ እየተቀነሰ ለአንድ፣ ለሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀጥላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ስለ አጥንት መሳሳት፣ ስለ ስኳርና ስለ ደም ግፊት ይታሰብ፤ ድብቅ ቲቢ መኖር አለመኖሩም ይታይ። «ተሻለኝ» ብሎ በድንገት ማቋረጥ ደግሞ በራሱ ሕይወት ያሳጣል።

ዕጢን በተመለከተ አጠር ላድርግ። ወደ አንጎል በብዛት የሚሠራጩት የሳንባ፣ የጡት፣ የኩላሊትና ሜላኖማ የሚባለው የቆዳ ካንሰር ናቸው። ሁሉም ሰው የሚጠብቀው ጠዋት ጠዋት የሚብስና ከትውከት ጋር የሚመጣ ራስ ምታት ነው፤ ያን የሚያሳዩት ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ብዙዎቹ ተራ መወጠር የሚመስል ራስ ምታት ነው የሚነግሯችሁ። ስለዚህ የራስ ምታቱን መልክ ብቻ አትመኑ፤ ሚዛኑን ጠይቁ። ልጆች ላይ ግን የጠዋት ትውከት በጣም ይከበር። ከእንቅልፉ ሲነሳ የሚያስታውከው፣ ካስታወከ በኋላ ደህና የሚመስለው፣ እየከሳ የሚሄደውና ሲራመድ የሚንገዳገደው ልጅ ለወራት የጨጓራ መድኃኒት ይሰጠዋል። በሽታው ሆዱ ውስጥ ሳይሆን በአንጎሉ የኋላ ክፍል ሊሆን ይችላል።

የሆርሞን በሽታዎችም አሉ። ራስ ምታት፣ ላብና የልብ ምት መፍጠን አብረው በድንገት መጥተው አብረው የሚሄዱ ከሆነ፣ የደም ግፊትም ከፍ ካለ፣ ፊዮክሮሞሳይቶማ ይታሰብ፤ ከኩላሊት በላይ ባለው፣ ሆርሞን በሚያመነጨው አድሬናል ዕጢ ላይ የሚበቅል እብጠት ነው። በዚህ በሽታ ላይ የልብን ምት የሚያዘገየውን ቤታ ብሎከር ብቻውን ቀድሞ መስጠት ግፊቱን አደገኛ ወደሆነ ደረጃ ያደርሰዋል፤ የደም ሥርን የሚያሰፋው አልፋ ብሎከር ይቀድማል። በተቃራኒው የደም ግፊቱ ዝቅ ያለ፣ የከሳ፣ ጨው የሚያምረው፣ የመዳፉ መስመርና ድዱ የጠቆረ ሰው አድሬናል ዕጢው መሥራት አቁሞ ሊሆን ይችላል። ጥማትና ሽንት ከበዛ የደም ስኳር ይለካ፤ እጅ መንቀጥቀጥና ሙቀት አለመቻል ካለ አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ ዕጢ ይመርመር። ብሩሴሎሲስም አይረሳ፤ ያልፈላ ወተት ለሚጠጡና ከእንስሳት ጋር ለሚውሉ ሰዎች ትኩሳት፣ ላብ፣ የወገብ ሕመም፣ ራስ ምታትና ክሳት የእሱ መልክ ነው።

መድኃኒት ራሱስ? ለማይግሬን መከላከያ የሚሰጠው ቶፒራሜት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፣ ክብደት ይቀንሳል። ስለዚህ ከመርመራችሁ በፊት የሚውጠውን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡት።

ማስታገሻውን ካነሳን አይቀር፣ የከሳ ሰው ላይ ማስታገሻ እንደ ሌላው ሰው አይደለም። 40 ኪሎ የሚመዝን፣ ለቀናት ያልበላ ሰው በቀን 4 ግራም ፓራሲታሞል ቢወስድ ጉበቱ ሊቃጠል ይችላል፤ መርዙን የሚያከሽፈው ግሉታታዮን አልቋልና። ከ50 ኪሎ በታች ላለ ሰው በአንድ ጊዜ በኪሎ 15 ሚሊ ግራም ተሰልቶ ይሰጥ፤ በቀን ከ4 ጊዜ አይበልጥ። ለ40 ኪሎ ሰው አንድ መጠን 600 ሚሊ ግራም ነው፤ ሁለት ባለ 500 ክኒን ለእሱ ይበዛል። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ደግሞ በባዶ ሆድ ጨጓራን ያቆስላሉ፤ ቁስሉ ይደማል፣ ምግብ ያስጠላል፣ ክሳቱን ያብሳል። ከዚያም ሌላ፣ ተራ ማስታገሻ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ለወራት የወሰደ ሰው ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣበታል።

ለረጅም ጊዜ ሲያስታውክ የቆየ የከሳ ሰው ሲመጣ ሁላችንም የሚቀናን ግሉኮስ መስቀል ነው። ቆዩ! ቫይታሚን ቢ1፣ ማለትም ታያሚን፣ ይቅደም፤ ያለ እሱ የገባ ግሉኮስ አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። ምግቡም በትንሽ በትንሹ ይጀመር፤ ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዥየም እየተለካ። «ይጠንክር» ተብሎ በመጀመሪያው ቀን ብዙ የተመገበ ሰው እነዚህ ማዕድናት በደሙ ውስጥ በድንገት ወርደው ልቡ ሊቆም ይችላል።

ቤት ላላችሁ አስታማሚዎች ደግሞ ይህን ልበል። ወደ ሐኪም ስትሄዱ «ራሱን ያመዋል» ብላችሁ አታቁሙ። ራስ ምታቱ የጀመረበትን ሳምንት፣ ከስድስት ወር በፊት የነበረውን ክብደትና የዛሬውን፣ የማታ ትኩሳትና ላብ መኖሩን፣ በቤት ውስጥ ቲቢ የታከመ ሰው መኖሩን፣ የሚውጣቸውን ክኒኖች በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ሐኪሙ ሳይጠይቃችሁም ተናገሩ። ሌሊትም ቢሆን፣ ሳትቀጥሩ የምትሄዱባቸው ምልክቶች ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ማየት ሲደበዝዝ ወይም አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ሲታይ፣ ሰውየው ሲቃዥ ወይም ሲያንቀላፋ፣ የሚጥል ሕመም አዲስ ሲመጣ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ሲደክም፣ ውኃ እንኳ ሆዱ ውስጥ አልቆይ ሲል፣ አንገቱ ሲገተር።

ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ አሁን ጥያቄዎቻችሁን ልቀበል።